ፍሬው ይበላል፣ ቅርፊቱስ? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ እርሱም በዱር ከሚበቅሉ ዛፎች ፍሬና ቅርፊት ውስጥ ይገኛሉ የሚባሉት ለጤና የሚጠቅሙ ውህዶች ጉዳይ ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል። መልሱን የጻፉት የዓምዱ አዘጋጅ ፋርማሲስት ናቸው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንኮይ፣ ዶቅማ፣ እሸ፣ አጋምና ቁርቁራ እየለቀሙ ይበላሉ። ወላጆች «የእረኛ ምግብ ነው፣ ሆድ ይነፋል» እያሉ ይከለክሏቸዋል። እኔ ደግሞ የዱር ፍሬ በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ ስለሆነ ከውጭ ከሚመጣው ፖም ይበልጣል የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ልክ የሆነው የትኛው ነው? (መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወላጆቹም ጽሑፉም የየራሳቸው ከፊል እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ወደ ልጆቹ አደላለሁ። የዶቅማና የአጋም ፍሬ ሲበስል የሚይዘው ጥቁር ሐምራዊ ቀለም፣ ልጆቹ ምላሳቸውን አውጥተው የሚፎካከሩበት ያ ቀለም፣ አንቶሳይኒን ከሚባሉት ውህዶች የሚመጣ ሲሆን፣ እነዚህም ፖሊፌኖል በሚል ጥቅል ስም ከሚታወቀው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ ናቸው። ያልበሰለ ፍሬ አፍን የሚያኮማትረው ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ አባል በሆነው በታኒን ምክንያት ነው፤ ታኒን በምራቅ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይዞ ስለሚያረጋው ምላስ ይደርቃል። ልጆች ያልበሰለ ፍሬ በብዛት ሲበሉ ሆዳቸውን የሚያማቸው በከፊል በዚሁ የተነሣ ነው፤ የወላጆቹ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም።

ስለ አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም የሰውነት ሕዋሳትን ከጉዳት ይጠብቃሉ ስለሚባሉት ውህዶች፣ የሚጻፈውን ግን በጥንቃቄ እንዲያነቡ እመክራለሁ። በቤተ ሙከራ የተለመደው መመዘኛ ዲ.ፒ.ፒ.ኤች. የተባለ ሐምራዊ ውህድ በአልኮል ይሟሟና የፍሬው ንጥር ጠብ ሲደረግበት ቀለሙ ምን ያህል ወደ ቢጫ እንደተለወጠ መለካት ነው። መመዘኛው ርካሽና ፈጣን ስለሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ይሠራበታል። ነገር ግን በብልቃጥ ውስጥ ቀለም የለወጠ ውህድ በሰው አካል ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ አብዛኛው ፖሊፌኖል ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ሲሆን፣ የገባውንም ጉበት ወዲያው ወደ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት መጠን የሚያሳይ ሰፊ ሰንጠረዥ በድረ ገጹ ያወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰንጠረዡን ያነሣው ቁጥሮቹ ከሰው ጤና ጋር ያላቸው ግንኙነት ሳይረጋገጥ ለማስታወቂያ መዋላቸውን ምክንያት አድርጎ ነው። ስለዚህ «ከፖም በዚህን ያህል እጥፍ ይበልጣል» የሚለው አነጋገር ለእኔ ብዙም ትርጉም አይሰጠኝም።

ይልቅስ ትርጉም የሚሰጠው ቫይታሚን ሲ ነው። የጤፍ እንጀራና ሽሮ በብረት ማዕድን የተሻሉ ቢሆኑም፣ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም ለመግባት አስቸጋሪ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለው ውህድ ስለሚይዘው ነው። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ ከዚያው ማዕድ ጋር አብሮ ሲበላ ብረቱ በተሻለ ሁኔታ ይሰርጋል። ቡናና ሻይ በታኒናቸው የተነሣ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣው ቡና የደም ማነስ ላለባት እናት የማይመከረውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ልጁ ከምሳ በኋላ አንድ እፍኝ የበሰለ የዱር ፍሬ ቢበላ ስለ አንቲኦክሲዳንቱ ሳይሆን ስለ ብረቱ ደስ ሊለን ይገባል።

በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው ባኦባብ ነው፤ በትግርኛ ዲማ የሚሉት፣ በተከዜ ሸለቆና በምዕራቡ ቆላ የሚበቅለው ግንደ ሰፊ ዛፍ። የፍሬው ውስጥ ነጭ ዱቄት በመቶ ግራም ከ150 እስከ 300 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እንደሚይዝ በብዛት ይጠቀሳል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ ምግብነት ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዶለታል። ሻጮች «ከብርቱካን ስድስት እጥፍ» የሚሉት ግን ደረቅ ዱቄትን ውሃ ከጠገበ ብርቱካን ጋር በመመዘን ነው። ማንም ሰው መቶ ግራም ዱቄት በአንድ ጊዜ አይቅምም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም አሥር ግራም ያህል ቢወስድ የሚያገኘው ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 45 ሚሊ ግራም ስለሚመክር ይህ ጥሩ መጠን ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ለተማሪዎችዎ ሦስት ነገር ብቻ ይንገሯቸው፦ የበሰለውን እንዲለቅሙ፣ እንዲያጥቡት፣ የማያውቁትን ፍሬ እንዳይቀምሱ። ሦስተኛውን ቀላል አድርገው አይዩት፤ ወረድ ብሎ ያለው የአንዲት እናት ጥያቄ ምክንያቱን ያሳያል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። ሌሊት አራት ጊዜ ያህል ለሽንት እነሣለሁ፤ ሽንቱም እየተቆራረጠ ነው የሚወርደው። ፈረንሳይ የሚኖር የእኅቴ ልጅ እዚያ ለዚህ ሕመም የሚሸጠው እንክብል ከጥቁር እንጨት ቅርፊት የሚሠራ መሆኑን ነገረኝ። ጥቁር እንጨት በደብራችን ግቢ ሞልቷል። ቅርፊቱን ቀቅዬ ብጠጣ ምን ይመስልዎታል? (አቶ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የእኅትዎ ልጅ የነገሩዎት እውነት ነው። በአገራችን ጥቁር እንጨት፣ በኦሮምኛ ሆሚ የሚባለው ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ነው፤ ከኮክና ከፕሪም ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ ከካሜሩን እስከ ማዳጋስካር ባሉ ደጋዎች ይበቅላል። የቅርፊቱን ንጥር በወንዶች ፊኛ ሥር ላለው ለፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ ለመጠቀም የሚያስችል የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1966 በፈረንሳይ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ ለገበያ ቀርቧል። በውስጡ ቤታ ሲቶስቴሮል የመሰሉ ፋይቶስቴሮሎች፣ ኡርሶሊክና ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባሉ ትራይተርፒኖች፣ እንዲሁም የፌሩሊክ አሲድ ውህዶች ይገኛሉ፤ እብጠትንና የዕጢውን ሕዋሳት መባዛት ይቀንሳሉ ተብሎ የሚታሰበው እነዚህ ተባብረው ነው።

ማስረጃው ምን ያህል ነው ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው፣ የተለያዩ ሙከራዎችን ውጤት አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በ18 ሙከራዎች የተሳተፉ 1,562 ወንዶችን ያካተተ ነበር። ንጥሩን የወሰዱት ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት እንክብል፣ ከወሰዱት ይልቅ ሌሊት የሚነሡበት ጊዜ በ19 በመቶ፣ በፊኛ ውስጥ የሚቀረው ሽንት በ24 በመቶ ቀንሶላቸዋል። አራት ጊዜ ለሚነሣ ሰው ይህ ወደ ሦስት ጊዜ ዝቅ ማለት ነው፤ የሚናቅ ባይሆንም ፈውስ የሚባል አይደለም። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ሙከራዎቹ አነስተኛ መሆናቸውን፣ ረጅሙም ከአራት ወር ብዙ ያልዘለለ መሆኑን አልሸሸጉም። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ቅርፊቱን የሚያስቀምጠው ለረጅም ጊዜ በቆየ አጠቃቀም ከሚታወቁት የዕፀዋት መድኃኒቶች ተራ ነው፤ ይህም ቢሆን ሐኪም ከባድ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ እንዲወሰድ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ንጥር በቀን 100 ሚሊ ግራም የሚወሰድ ሲሆን፣ 1,000 ኪሎ ግራም ደረቅ ቅርፊት ወደ 5 ኪሎ ግራም ንጥር ብቻ ይሰጣል። ሒሳቡን ሲያሰሉት የአንድ ቀን እንክብል ከ20 ግራም ደረቅ ቅርፊት የወጣ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ብዛቱ አይደለም፤ ተፈላጊዎቹ ውህዶች በቅባት እንጂ በውሃ የማይሟሙ መሆናቸው ነው። ፋብሪካው የሚያወጣቸው ቅባት በሚያሟሙ ኬሚካሎች ነው። እርስዎ ቅርፊቱን በውሃ ሲቀቅሉት ውሃውን ቡናማ አድርጎ የሚወጣው በአብዛኛው ታኒን ነው፤ ተፈላጊዎቹ አብዛኛው እዚያው ከእንጨቱ ጋር ይቀራሉ። ከዚህም በላይ ትኩስ የጥቁር እንጨት ቅርፊት ወይም ቅጠል ሲጨፈለቅ እንደ መራራ ለውዝ የሚሸት መሆኑን አስተውለው ይሆናል፤ ያ ሽታ የሚመጣው ሲበላሽ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ከሚለቅ አሚግዳሊን ከሚባል ውህድ ነው። ስለዚህ በፈረንሳይ በእንክብል የሚሸጠውና እርስዎ በደሴ ቀቅለው የሚጠጡት ከአንድ ዛፍ ቢመጡም አንድ ነገር አይደሉም።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን ምርመራ ያድርጉ። ሌሊት ደጋግሞ መነሣት የፕሮስቴት ዕጢ በዕድሜ ከመተለቁ ሊመጣ ይችላል፤ ከስኳር በሽታ፣ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከፕሮስቴት ካንሰርም ሊመጣ ይችላል፤ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። የሽንትና የስኳር ምርመራ፣ የሐኪም የጣት ምርመራ፣ እንደ አስፈላጊነቱም አልትራሳውንድና ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ አሉ። በሽንትዎ ደም ካዩ፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለዎት፣ ትኩሳት ከያዘዎት ወይም አዲስ የወገብ አጥንት ሕመም ከጀመረዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። በሆስፒታል የሚታዘዙት መድኃኒቶች ከቅርፊቱ በብዙ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ናቸው። እስከዚያው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የሚጠጡትን ሁሉ፣ በተለይም ቡናና ጠላ፣ ይቀንሱ።

ስለ ዛፉም አንድ ነገር ልጨምር። ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ስለሆነ፣ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይደርቃል። የአውሮፓ ገበያ ፍላጎት የካሜሩንን ደኖች ክፉኛ ስለጎዳ ዛፉ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር በሚደረግበት የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። በካሜሩን የወጣው ደንብ ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ፊት ለፊት ያሉ ሩቦችን ብቻ መላጥና የቀሩትን ከዓመታት በኋላ መመለስ የሚል ነበር፤ እርሱም ብዙ ጊዜ አልተከበረም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ትልልቅ ጥቁር እንጨት የቀረው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። የደብርዎን ዛፍ ባይነኩት እኔ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ገጠር አያቱ ዘንድ ሄዶ «አጋም ነው» ብሎ የለቀመውን ፍሬ ሲበላ አያቱ አይተው በጣም ደነገጡ፤ አጋም አይደለም፣ ገዳይ ነው አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ምንም አልሆነም። አጋምን የሚመስል መርዝ አለ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያትየው በሚገባ ነው የደነገጡት። በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው ቁጥቋጦ የአጋም የሥጋ ዘመድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም አብረው ይበቅላሉ። ሁለቱም ወፍራም የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ መዓዛው የሚጣፍጥ ነጭ ወደ ሮዝ የሚያደላ አበባ፣ ሲቆረጥ የሚወጣ ነጭ ወተትና ከቀይ ወደ ጥቁር ሐምራዊ የሚለወጥ ክብ ፍሬ አላቸው። መለያው እሾሁ ነው። አጋም በቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቆሙ ቀጥ ያሉ ጠንካራ እሾሆች አሉት፤ መረንዝ እሾህ የለውም። ለቅመው እጃቸው ያልተወጋ ልጆች ፍሬውን ሳይበሉ ለትልቅ ሰው ማሳየት አለባቸው።

በመረንዝ ቅርፊት፣ ሥር፣ ቅጠልና ባልበሰለ ፍሬ ውስጥ ያለው ውህድ ኡዋባይን ይባላል። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቅርፊቱንና ሥሩን ለረጅም ሰዓት ቀቅለው ጥቁር ሙጫ እስኪሆን ድረስ በማጠንጠን የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ኡዋባይን በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ላይ ሶዲየምና ፖታሲየምን የሚያመላልሰውን ፓምፕ ስለሚያግድ ልብ ምቱ ይዛባና ይቆማል። ዲጎክሲን የሚባለው የልብ ሕሙማን መድኃኒትም በዚያው ፓምፕ ላይ ነው የሚሠራው። (ይህን መርዝ የሚጠቀምበት እንስሳም አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር ጎፈሬ የሚመስል ጠጉር ያለው ትልቅ የዱር አይጥ የመረንዝን ቅርፊት ያኝክና ምራቁን በጎኑ ላይ ባሉ ስፖንጅ መሰል ጠጉሮች ይቀባል። የነከሰው ውሻ ይታመማል፣ አንዳንዱም ይሞታል፤ ነገሩ በአንድ የሳይንስ መጽሔት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።)

ልጅ ይህን ፍሬ ወይም ቅጠል በልቷል ብለው ከጠረጠሩ በግድ አያስመልሱት፤ ወተትም ሆነ ሌላ ማርከሻ በመስጠት ጊዜ አያጥፉ። ከቁጥቋጦው አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነፍሬው ይዘው በቀጥታ የልብ ምት መከታተያ ወዳለበት ጤና ተቋም ይውሰዱት። ማስመለስ፣ ድካም፣ የዘገየ ወይም የሚዘል የልብ ምት ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። የአጋምም ቢሆን የሚበላው የበሰለው ፍሬ ብቻ ነው፤ ለቡዳ እየተባለ የሚታጠነውን ሥሩን ቀቅሎ ለልጅ ማጠጣት ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የብሳና ቅርፊት በሜታኖል ተነጥሮ ባክቴሪያ እንደገደለ የሚያሳዩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። በሳይንስ ከተረጋገጠ ሐኪሞች ለምን አይጠቀሙበትም? የምዕራባውያን ኩባንያዎች ተጽዕኖ አይደለም? (ከጎንደር)

መልስ፦ በጽሑፎቹ የተረጋገጠው ንጥሩ በሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደሉ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። በቤተ ሙከራችሁ የሠራኸውን አስታውስ፦ ባክቴሪያ በተዘራበት፣ አጋር በሚባለው የረጋ ማሳደጊያ ላይ በተበሳች ጉድጓድ ንጥሩ ይጨመርና በማግስቱ ዙሪያዋን የጠራው ክብ በሚሊ ሜትር ይለካል። አንድ ተማሪ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ንጥር በጥብጦ 50 ማይክሮ ሊትር ቢጨምር በጉድጓዷ ያለው 5 ሚሊ ግራም ነው። ከጎኑ የምትቀመጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለባት ወረቀት የምትይዘው 5 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም አንድ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው። ሁለቱም ተመሳሳይ ክብ ቢያሳዩ ጽሑፉ «ከመድኃኒቱ ጋር የሚወዳደር ውጤት» ይላል፤ አንባቢው ግን ስለ መጠኑ ሳይጠይቅ ያልፋል። ሜታኖል ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ስለሆነ ማንም ሰው ቅርፊት በሜታኖል ዘፍዝፎ አይጠጣም፤ ገበሬው የሚጠቀምበት የውሃ ዝግጅት በእነዚሁ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ደካማ ሆኖ ይገኛል።

ብሳናን በተለይ ካነሣን፣ ፈሳሹን ለጭርትና ለቋቁቻ በቆዳ ላይ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። በአፍ ሲወሰድ ግን ቅርፊቱም ዘሩም ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፤ በተቅማጥ ውሃው የተሟጠጠ ሕፃን የሚሞትበት አገር ውስጥ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አልችልም።

ስለ ኩባንያዎቹ ያነሣኸው ግን ከታሪኩ ጋር አይሄድም፤ ከዛፍ ቅርፊት ብዙ ያተረፉት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ኪኒን እ.ኤ.አ. በ1820 ከሲንኮና ቅርፊት ተለይቶ ወጥቷል። የአኻያ ቅርፊት ሳሊሲን በ1828 ተለይቶ፣ አስፕሪን ግን የተሠራው በ1897 ነው፤ በመካከሉ ያለፈው ሰባ ዓመት ያህል ከሳሊሲን የሚገኘውን ሆድ የሚያቆስል አሲድ ሰው ሊታገሠው ወደሚችል ነገር ለመለወጥ የፈጀ ነው። በዛሬው ቀን በአገራችንም ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል መነሻው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ የሚበቅል አንድ ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ በ1962 ተሰበሰበ፣ የውህዱ መዋቅር በ1971 ታተመ፣ መድኃኒቱ በ1992 ተፈቀደ። ሠላሳ ዓመት ማለት ነው፤ ያውም የሠራው።

ከራሳችን ቤት ብትጠቅስ የምመርጥልህ የእንዶድን ታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ፍሬ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዝያን ለመከላከል ወደሚያስችል ምርምር አመራቸው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ልብስ የሚያነጻውም ቀንድ አውጣ የሚገድለውም በአንድ ባሕርዩ ነው፤ የሕዋስ ሽፋንን ስለሚያፈርስ። እርሳቸው ያንን ኃይል ያዋሉት በወንዝ ውሃ ላይ እንጂ በሰው ሆድ ውስጥ አልነበረም። ብሳናህንም እንደዚያ ተመልከተው፤ ለቆዳ ፈንገስ የሚሆን፣ መጠኑ የታወቀ ቅባት ብትሠራ ከመቶኛው የጉድጓድ ሙከራ ይልቅ እኔን ይማርከኛል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂንያ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሜትፎርሚንና ኢንሱሊን እወስዳለሁ። እዚህ በሐበሻ ሱቅ «የሰባት ዛፍ ቅርፊት» የሚባል ዱቄት ለስኳርና ለግፊት እየተባለ ይሸጣል። አብሬው ብወስድ ጉዳት አለው? (ወይዘሮ፣ ከአሜሪካ)

መልስ፦ አይውሰዱት። ዱቄቱ ስኳር የማይቀንስ ከሆነ ገንዘብዎን አጠፉ፤ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ከኢንሱሊኑ ጋር ተደርቦ ስኳርዎን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳት የሚመጣው ያኔ ነው። የሰባቱ ዛፎች ስም በፓኬቱ ላይ አለመጻፉ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የዕፀዋት ዱቄት ተብለው ከተሸጡ ነገሮች ውስጥ ሻጩ በስውር የጨመረው የታወቀ የስኳር ኪኒን የተገኘባቸው በየአገሩ አሉ፤ «በጣም ሠራልኝ» የሚባለው ዱቄት እንዲያውም ይበልጥ ሊያጠራጥርዎ ይገባል። ከዚህ በፊት ጀምረውት ከሆነ ሳይሸሽጉ ፓኬቱን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ለሚወስዱ፣ ኩላሊታቸው ለደከመና ነፍሰ ጡር ለሆኑም ይኸው ምክር ይሠራል።

ጥያቄ፦ የኮሶ ትል አስቸግሮኛል። ኮሶ በጣም ይከብደኛል፤ የእንቆቆ ፍሬ ግን ለስለስ ያለ ነው ይላሉ። የትኛውን ይመክሩኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም ትሉን የሚያጠቁ እውነተኛ ውህዶች አሏቸው፤ በእንቆቆ ፍሬ ውስጥ ኤምቤሊን፣ በኮሶ ሴቴ አበባ ውስጥ ኮሶቶክሲን የሚባሉ። ኮሶ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ የገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። መጠኑ ሲበዛ ግን ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዓይን ነርቭንም ሊጎዳ እንደሚችል ይታወቃል። የእንቆቆ ለስላሳነት አንጻራዊ ነው፤ በቤት ሲዘጋጅ መጠኑን የሚያውቅ የለም። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ነውና እርሱን እመክራለሁ። ጥሬ ሥጋውን ካልተዉት ግን እንደገና መገናኘታችን አይቀርም።

ጥያቄ፦ የሮቃን ፍሬ ቀቅዬ ጭማቂ አዘጋጃለሁ። እሳቱ ቫይታሚን ሲውን ያጠፋዋል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እሳት ቫይታሚን ሲን ያጠፋል፤ ሮቃ ግን መጀመሪያውኑ የሚጠፋ ብዙ ቫይታሚን ሲ የለውም። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ታርታሪክ ከሚባል አሲድ ሲሆን፣ እርሱን መቀቀል አያጠፋውም። ስለዚህ እንደሚመችዎ ያዘጋጁት፤ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈው አሳድረው በጠዋት ማሸትና ማጥለልም ይበቃል። ሆድ ስለሚያለሰልስ ተቅማጥ ላለበት ሰው አይስጡ፤ ስኳሩንም ከለመዱት በግማሽ ቢቀንሱት ጣዕሙ አይጎዳም።